ውሃ የሸጡት ሰዎች አብደው ነው?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች በጠርሙስና በፌስታል የተቀዳ ውሃ በኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሽያጭ አቅርበው ነበር። ጠበል አይደለም። ፍሎሪዳ ባለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ ሰው የግንድ ቅርጽ ባለው ጀልባ ተቀምጦ ከከፍታ ወደ ታች ከሚወረወርበት "ስፕላሽ ማውንቴን" ከተባለ መጫወቻ ተቀዳ የተባለ ውሃ ነው። መጫወቻው በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የመጨረሻ እንግዶቹን አስተናግዶ ተዘግቶ ነበር። ወሬውን የሰማን ዕለት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሳቅን። "ጥጋብ ነው" ብለን አለፍነው።

አሁን ሳስበው ግን ያ ሳቅ ለጋዜጠኝነት ተማሪ የሚሆን አልነበረም። ነገሩን ሳናጣራ ነበርና የፈረድነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስፕላሽ ማውንቴን መጀመሪያ የተከፈተው በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሆን በ1992 ፍሎሪዳና ቶኪዮ ላይም ተሠርቷል። ገጸ ባሕርያቱ ብልጡ ጥንቸል፣ ቀበሮውና ድቡ ናቸው። የተወሰዱት ዲዝኒ በ1946 ካወጣው "ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ" ከተባለ ፊልም ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል እርሻዎች ላይ የነበረውን የጥቁሮች ኑሮ ደስታና ዘፈን ብቻ አስመስሎ በማሳየቱ ገና ሲወጣ ጀምሮ ተቃውሞ ገጥሞታል። የሚገርመው ተረቶቹ ራሳቸው የጥቁሮቹ መሆናቸው ነው። በባርነት የኖሩ ሰዎች ሲያወሯቸው የነበሩ ናቸው። እኛ ዘንድ ጦጣ የምትሠራውን ተንኮል እዚያ ጥንቸሉ ይሠራዋል፤ ደካማው ጉልበተኛውን በብልሃት ያሸንፋል። ሰብስቦ በ1880 በመጽሐፍ ያሳተማቸው ግን ጆኤል ቻንድለር ሃሪስ የተባለ ነጭ ነው። ሥራው ምን ነበር ብትሉ፣ ጋዜጠኛ!

በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ መጫወቻው ታሪኩ ይቀየር የሚል የፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። ወዲያው ደግሞ አይነካብን የሚል ሌላ ፊርማ መጣ። ኩባንያው ጁን 25 ቀን 2020 ለውጡን ይፋ አደረገ፤ ሥራው ካለፈው ዓመት ጀምሮ የታሰበበት መሆኑንም ተናገረ። አዲሱ ታሪክ በ2009 ከወጣው ፊልም የተወሰደ ሲሆን ባለቤቷም ቲያና፣ የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ልዕልት ናት።

እዚህ ላይ ነው ዜና ሠሪው የሚሳሳተው። "ይቀየር ያሉት ተቃዋሚዎች፣ አይቀየር ያሉት አድናቂዎች" ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። ይቀየር ካሉት መካከል እኮ መጫወቻውን የሚወዱ ነበሩ። ስለሚወዱት ነው ከዚያ ፊልም ጋር ያለው ዝምድና የከነከናቸው።

አይቀየር ያሉትንስ በሙሉ ዘረኛ ማለት ይቻላል? ይህን ለማየት የዘር ጉዳይ የሌለበትን ሌላ ለውጥ ማየት ይጠቅማል። በ1998 እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ "ሚስተር ቶድ" የሚባል የእንቁራሪት ታሪክ መጫወቻ ተዘግቶ በድቡ በዊኒ ዘ ፑ ተተክቷል። ያኔም አድናቂዎቹ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው ፓርኩ ውስጥ ተሰባስበው ተቃውመዋል። ለእንቁራሪት! ስለዚህ ሐዘኑ በራሱ የዘረኝነት ምልክት አይደለም። ሰው ልጅነቱ ያለፈበት ቦታ ሲፈርስበት ያዝናል፣ በቃ። በቲያና ጉዳይ ከሐዘኑ ጀርባ ተደብቆ የመጣ ጥላቻ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ነበር። እንክርዳዱን ከስንዴው መለየት የእኛ ሥራ ነው፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ ማቃጠል ግን ሥራ አይደለም።

የራሴን አቋም ልናገር። መቀየሩ ትክክል ነበር። ለውጡ ያስቀረው ነገርም ብዙ አይደለም፤ አዲሱ መጫወቻ በጁን 2024 ፍሎሪዳ ላይ፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ ካሊፎርኒያ ላይ ሲከፈት የውሃው መንገድም ሆነ 15 ሜትር ገደማ የሆነው ቁልቁለት እዚያው ነበሩ። ቲያናን ከነሙዚቃዋ ተቀብለው "ግን ታሪኩ ውስጥ ክፉ ገጸ ባሕርይ ስለሌለ አያጓጓም" ያሉ አድናቂዎችም አሉ። ይህ የጥበብ ሂስ ነው፤ እንደ ሂስ ሊሰማ ይገባዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ኩባንያው ፊልሙን አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮም በዲቪዲም አውጥቶ ሸጦት አያውቅም። ጥንቸሉንና ዘፈኑን ግን ለ30 ዓመት ያህል ሸጦበታል። ታዲያ በጀልባው እየሳቀ የወረደው ሕፃን ነገሩ ከየት እንደመጣ በምን ይወቅ? ምንጩን ደብቀህ ውሃውን ካጠጣኸው በኋላ፣ ምንጩ ሲነገረው ቢቆጣ አላዋቂነቱ የእሱ ብቻ ነው? በ2020 ይቀየር ባዮቹና አይቀየር ባዮቹ እርስ በርስ ሲናከሱ፣ ሁለቱን ያጣላው ዝምታ ባለቤት መሐል ሆኖ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ጥያቄው መቅረብ የነበረበት ለእሱ ነው።

ውድ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ነገ ዜና ስንሠራ ሰዎች እኛን በማያስለቅስ ነገር ሲያለቅሱ እናያለን። አንዱ ለኳስ፣ አንዱ ለፈረሰ ሲኒማ ቤት፣ አንዱ ለእንቁራሪት። መሳቅ ቀላል ነው፣ መፍረድም እንደዚያው። እኔ ያን ውሃ የገዛውን ሰው ባገኘው ስንት እንደከፈለ አልጠይቀውም። መጀመሪያ ከማን ጋር ሆኖ እንደወረደ ነው የምጠይቀው። ቀጥሎ ደግሞ ጥንቸሉ ከየት እንደመጣ ያውቅ እንደሆነ። ሁለቱን ጥያቄዎች አብሮ የያዘ ዜና ነው ለእኔ ዜና።

ቸር ይግጠመን!