«ሁለተኛ» ብሎ ነጥብ መውሰድ

በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ስንተኛ ወጣች? በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «ሁለተኛ» ያለ ተወዳዳሪ ነጥቡን ይወስዳል፣ ይጨበጨብለታል፤ አወዳዳሪውም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። መልሱ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ግን ያቺን «ሁለተኛ» ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይጫወታሉ ተብለው የታሰቡት አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ቀላቅዬ አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያም ኳስ ሳትነካ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። ሁለተኛነታችን እንግዲህ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ሽንፈት፣ ዜሮ ግብ ነው። ከደረጃው ይልቅ መታወቅ የነበረበት፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ገና ሲወለድ ለአፓርታይድ በሩን መዝጋቱ ነበር። እሱን የሚጠይቅ የለም።

«ጠቅላላ እውቀት» እየተባለ የሚቀርብልን ነገር ማን፣ መቼ እና ስንት ላይ ቆሟል። በስፖርት ደግሞ ይብሳል፤ ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ጥያቄ አውጪው አይደክምም።

ምሩፅ ይፍጠርን ውሰዱ። በ1980 ሞስኮ ላይ ስንት ወርቅ አገኘ? ሁለት፣ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር። ከዚያ በፊት በነበረው በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክስ ለምን አልሮጠም? የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ኒውዚላንድም ከኦሊምፒኩ ባለመታገዷ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ መትታ ስለቀረች ነው። የካርቱሙ «ሁለተኛ» እና የሞንትሪያሉ ባዶ እጅ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው። ውድድሩ ግን በሁለት ካርድ ጽፎ፣ ለሁለት ሰው ጠይቆ፣ ዝምድናቸውን ይቆርጠዋል።

የአበበ ቢቂላም ነገር እንዲሁ ነው። «ሮም ላይ ያሸነፈው መቼ ነው?» ሲባል «1960» ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እንደነበር ማን ያነሳዋል? የፋሺስት ጦር ከአክሱም ወስዶ ሮም ባቆመው ሐውልት አጠገብ ሮጦ ማለፉንስ? ተቀናቃኙን የሞሮኮውን ራዲን በ26 ቁጥር ሲፈልግ፣ ራዲ 185 ለብሶ ጎኑ ይሮጥ ነበር። አበበ የፈለገው ቁጥሩን ቢሆንም ያሸነፈው ሯጩን ነው።

«ወጣቱ እንዲያነብ ያነሳሳል» የሚሉ አሉ። እኔ የማየው የሚነበበው የጥያቄና መልስ ስብስብ መሆኑን ነው። በቃል መያዝን እየናቅሁ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪም ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል። ነገር ግን ንባብ ብቻ ይዞ የቀረ መምህር አይባልም፤ ቅኔውና ትርጓሜው ይጠብቁታል። የኛ ስቱዲዮ ንባቡ ላይ ዋንጫ ይሰጣል።

መልስ ብቻውን እውቀትን እንደማያረጋግጥ አሜሪካውያን በውርደት ተምረውታል። በ1950ዎቹ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ውድድር ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በሚሊዮኖች ፊት ሲያሸንፍ ሰነበተ። በ1959 ግን አዘጋጆቹ መልሱን አስቀድመው ይሰጡት እንደነበር ለኮንግረስ አመነ። አንዲት ቃል ከሆነች ማንም ማንንም ሊያስጠናት ይችላል። ተመልካቹ ከቤቱ ሆኖ የሚያውቀውን ካጠናው በምን ይለያል?

አዘጋጆች፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ነጥቡን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ለመልሱ፣ ግማሹ ለ«እንዴት?» ወይም ለ«ለምን?» ይሁን። ተወዳዳሪው ካላወቀው አወዳዳሪው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረን፤ እሱም ካላወቀው ጥያቄውን ባይጠይቅ ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ደቂቃ ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ ከስፖንሰር ምስጋናው ላይ ቀንሱ።