ከጀሞ ሆኖ የቶሮንቶን ግራፍ ማንበብ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሊገዛ የመጣ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለፈው ወር ስንት ተሸጠ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የባንኩ ዕዳ ማለቅ አለማለቁን ሳያጣራ፣ ዋጋውን ብቻ አይቶ ቀብድ የሚከፍል ቢገኝ ግን ብሎኩ ሁሉ ይስቅበታል። ያው ሰው ስልኩ ላይ የአንድ የካናዳ ኩባንያ አክሲዮን ግራፍ ሲያይ፣ መስመሩ ሽቅብ ስለወጣ ብቻ ገንዘቡን ለመላክ ይነሳል።

ለዚህ የሚያበቃው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የቆጠበ ሰው ዓይኑ እያየ ቁጠባው ቀለጠ። ስለዚህ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ የአጎት ልጅ ያለው «በስምህ ግዛልኝ» ቢል አይፈረድበትም። ጉዳዩ ምን እንደሚገዛ በምን ያውቃል የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኢንዲኬተሩ አሳየ» ነው።

ኢንዲኬተር ማለት ምን ማለት ነው? በጣም የሚወራለትን አር ኤስ አይን እንውሰድ። አሜሪካዊው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ስሌት ነው። ያለፉትን 14 ቀናት ወስዶ ዋጋው በጨመረባቸው ቀናት የጨመረውን፣ በቀነሰባቸው ቀናት የቀነሰውን ያማክላል። አማካይ ጭማሪው 3 ዶላር፣ አማካይ ቅናሹ 1 ዶላር ከሆነ ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ሦስት አራተኛው ወደ ላይ ነውና ውጤቱ 75 ይሆናል። ከ70 በላይ ሲሆን «ከልክ በላይ ተገዝቷል»፣ ከ30 በታች ሲወርድ «ከልክ በላይ ተሸጧል» ይባላል። በቃ ይኸው ነው። የ50 እና የ200 ቀን አማካይ መስመሮችም እንዲሁ ያለፈ ዋጋ ተደምሮ ሲካፈል የሚገኙ ናቸው። ኩባንያው ምን እንደሚያመርት፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። አላና ፖታሽ የተባለው ኩባንያ አክሲዮኑ የሚሸጠው ቶሮንቶ፣ ማዕድኑ ያለው ግን አፋር ዳናኪል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የእስራኤሉ አይ ሲ ኤል ጠቀለለው፤ በ2016 ደግሞ በመሠረተ ልማትና በግብር ጥያቄ ከመንግሥት ጋር ሳይግባባ ፕሮጀክቱን ትቶ ወጣ። ኢስት አፍሪካ ሜታልስም የቫንኩቨር ኩባንያ ነው፤ የወርቅ ይዞታው ትግራይ ውስጥ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሚጀምረውን ጦርነት የትኛው የ14 ቀን አማካይ ሊያሳይ ይችል ነበር? ስለ እነዚህ ኩባንያዎች የሽሬ ነጋዴ ወይም የሰመራ ሹፌር ከግራፍ አንባቢው የተሻለ መረጃ አለው።

የካናዳ ገበያ በትንንሽ የማዕድን ፈላጊዎች የተሞላ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። የካልጋሪው ብሬ ኤክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግዙፍ ወርቅ አገኘሁ ብሎ አክሲዮኑ ሰማይ ነካ። ያን ጊዜ አማካይ መስመሮቹ ሁሉ ሽቅብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 ወርቁ እዚህ ግባ የሚባል አለመሆኑ ሲሰማ በአንድ የግብይት ቀን ከ80 በመቶ በላይ ወደቀ። ናሙናው ላይ ወርቅ ተነስንሶበት ነበር።

ኢንዲኬተር ዋጋ ቢስ ነው ማለት ግን አይደለም። በየቀኑ ሚሊዮኖች አክሲዮን በሚገበያይበት እንደ ሮያል ባንክ ኦፍ ካናዳ ባለ ድርጅት ላይ፣ የኩባንያውን ሒሳብ አስቀድሞ ላነበበ ሰው፣ ስሜቱን ለመግታትና ሰው ሁሉ ሲሻማ ቆም ብሎ ለማሰብ ይረዳል። ግብይቱ ስስ በሆነበት ቦታ ግን አንድ ገዢ ብቻውን መስመሩን ሊያዞረው ይችላል።

ይህንኑ አመል ወደ አገር ቤት ይዘው የሚመጡ አሉ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በጣት የሚቆጠሩ አክሲዮኖች ባሉበት ገበያ ላይ የ200 ቀን አማካይ ማስመር በአንድ ደንበኛ ስለ ሱቅ ገቢ እንደ መተንበይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። ለዚያ ሽያጭ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ወጥቶ ነበር፤ ትርፉም፣ ዕዳውም፣ ስጋቱም ተጽፎበታል። ግራፍ ለመማር የሚከፍለው የጀሞ ወጣት ያንን ሰነድ በነፃ ማንበብ ይችል ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ደግሞ የኢንቨስትመንት ምክር እየሸጠ የሚኖር ሰው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በየወሩ «ሲግናል» የሚሸጠውን መምህር ስለ አር ኤስ አይ ከመጠየቅ በፊት ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ይቀድማል።