ስለ ጭሱ ሲመከር ጭሱ ውስጥ የምትውለው የት ናት?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። አገር ቤት ሆናችሁ የምትከታተሉኝ ዘመዶቼም «ይኼ ልጅ ስለ ወረቀትና ስለ ከሻ ይጽፍ ነበር፣ አሁን ደግሞ ስለ አየር ጀመረው?» እንዳትሉኝ። ስለ ከሻም ነው የምጽፈው። (ለማታውቁት፦ ከሻ እዚህ ካርቱም ፖሊስ መንገድ ላይ የሚያካሂደው አፈሳ ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሱዳናዊ ወዳጄ፣ እሱም እንደኔ መምህር ነው፣ ስለ ከተማዋ አየር የሚነጋገር ስብሰባ ላይ ይዞኝ ሄደ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሐኪሞች፣ የሰፈር ኮሚቴ ወጣቶች ነበሩ። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የግዛቱን መስተዳድር ስለ አየር ብክለት የሚያማክር ጉባኤ ይቋቋም፣ የነዋሪ ወኪሎችም ይግቡበት የሚል ነበር። ወዳጄ እጁን አወጣና «የስደተኛም ወኪል ይኑርበት» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ያልጠበቁት ነገር ስለሆነባቸው ነው። የባሰብኝ ማታ ሰፈር ስመለስ የራሳችን ሰዎች የሳቁት ነው። «መታወቂያ የሌለው ሰው መንግሥት ሊያማክር?» አሉኝ።

አቋሜን በአጭሩ ልናገር። እንዲህ ያለ ጉባኤ አንድ ቀን ከተቋቋመ አንድ ወንበር ለስደተኛ ይገባል። ከተሰጠንም እምቢ ማለት የለብንም። ምክንያቱም ስለ ንጹሕ አየር የሚወጣ ውሳኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው፤ በሁለት መንገድ ያርፋል።

አንደኛው ሳንባችን ነው። ሐቡቡን ለጊዜው እንተወው፤ ከበረሃ ተነስቶ ቀኑን ወደ ማታ የሚቀይረውን አቧራ የትኛውም ጉባኤ አይመልሰውም። ሰው የሚያጨሰውን ግን እናውቀዋለን። ጅሪፍ የኖራችሁ ወንዙ ዳር ያሉትን የጡብ መተኮሻዎች ታስታውሳላችሁ። ማገዶና እበት ሌሊቱን ሙሉ ይነድባቸዋል። (ጡቡ የሚሠራበት ደለል ደግሞ ዓባይ ከኛው ደጋ አጥቦ ያመጣው አፈር ነው። አፈራችንም እዚህ ተሰዶ ይቃጠላል ብሎ አንድ ተማሪዬ አስቆኛል።) በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። መብራት ሲሄድ፣ መቼም አይቀርም፣ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ራክሻ የሚነዱት ወንድሞቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ ጭስ ሲጠጡ ይውላሉ።

ከሁሉ በላይ የማስበው ግን ስለ እህቶቻችን ነው። ሻይ የምትሸጥ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ከከሰል ምድጃዋ አንድ ክንድ ርቃ ትቀመጣለች። ዴም ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋ እናት መስኮት በሌለው ክፍል፣ መብራት በሌለ ቀን በእንጨት ትጋግራለች፤ ልጇም እዚያው አጠገቧ ያጠናል። አምቡባው ጋዝ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲሰቀል ሁሉም ቤት ወደ ከሰል ይመለሳል። ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደገለጸው 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው ያበስል የነበረው በእንጨት፣ በከሰል፣ በእበትና በላምባ ነው። ከዚሁ የቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል።

ባዮሎጂ ስለማስተምር ይቺን ልጨምር። በጭስ ውስጥ ያለው ጎጂ ነገር ዓይናችንን የሚያስለቅሰው ብቻ አይደለም። ከአንድ ጸጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ ብናኝ አለ። እሱን አፍንጫ አያጣራውም፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ወርዶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ «እኔ ለምጄዋለሁ፣ አያስለኝም» የምትሉ እህቶቼ፣ የለመደው ጉሮሯችሁ እንጂ ልባችሁ አይደለም። ሌላም አለ። በዚህ በብርዱ ወር ከሰል ክፍል አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው።

ሁለተኛው መንገድ ከሻ ነው። ስለዚህ ላስረግጥ የምፈልገው አለኝ።

ከተማ ይጽዳ፣ አየር ይጥራ፣ ጭስ ይቀነስ ሲባል ማን ይቃወማል? ማንም። ግን ትዕዛዙ ከቢሮ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲደርስ ምን ይመስላል? የጡብ መተኮሻው ባለቤት ጠበቃ አለው። ትልቁ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል የሚደውልለት ሰው አለው። መንገድ ዳር ከሰል ላይ ጀበና የጣደችው ሴት ምንም የላትም። ምድጃዋን ረግጦ፣ በርጩማዎቿን መኪና ላይ ወርውሮ «አጸዳሁ» ማለት ቀላል ነው። በአዋጅ የሚነገረው ሌላ፣ መንገድ ላይ የሚሆነው ሌላ እንደሆነ ከኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በቀድሞው ሥርዓት «ሕዝባዊ ሥርዓት» የሚባለው ሕግ ሴቶችን በአለባበሳቸውና በመንገድ ላይ ሥራቸው ምክንያት ሲያሳድድ ኖሮ የተሻረው በ2019 ኅዳር መጨረሻ ነው። ያኔ ጨፍረናል። ነገር ግን ሻይ ሻጭን የማባረር ልማድ ከሕጉ ጋር አብሮ አልተሻረም። ነገ «የአየር ጥበቃ» የሚል አዲስ ስም ቢያገኝ አይገርመኝም።

ይህን ያሉት ሱዳናውያን ሴቶች ራሳቸው ናቸው እንጂ እኔ ፈልስፌው አይደለም። ወይዘሮ አወዲያ ማሕሙድ ኮኮን የማታውቁ እወቁ። ከኑባ ተራሮች ተፈናቅለው ካርቱም የመጡ፣ ሻይ ሲሸጡ የኖሩ እናት ናቸው። የካርቱምን ሻይና ምግብ ሻጭ ሴቶች በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅተው ለተወረሰባቸው ዕቃ ተከራከሩ። በ2016 በአሜሪካ መንግሥት የዓለም አቀፍ የሴቶች የድፍረት ሽልማት ተሰጣቸው። በነገራችን ላይ ስለ ከተማዋ ከሰል ጭስ የሚያማክር ሰው ከተፈለገ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ፕሮፌሰር አይመጣልኝም።

«አገራችንስ ምን አለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አገራችንም ምክር ቤት አላጣችም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ተቋማት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295 የአካባቢ ምክር ቤት አቋቁሟል። ሰብሳቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም የሚወክሉት ሰው ነው። አባላቱ ከፌዴራል መንግሥት የሚሰየሙ፣ የየክልሉ ወኪሎች፣ የንግድ ምክር ቤት፣ የአካባቢ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ወኪሎች ናቸው። ክፉ አይደለም፤ ሠራተኛው ወንበር ማግኘቱን እወዳለሁ። ግን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት በየትኛው በኩል ትገባለች? የንግድ ምክር ቤት አባል አይደለችም። የሠራተኛ ማኅበርም የላትም። ጫካው ይጠበቅ በተባለ ጊዜ ግን መጀመሪያ በዘበኛ የተባረረችው እሷ ናት። ካርቱም ላይ የምፈራውም ይኸንኑ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። «ዜጋ» አይልም፣ «ሁሉም ሰው» ነው የሚለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን ደቡብ ሱዳናዊና ኤርትራዊ ስደተኛም ይጨምራል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ብሎ ደንግጓል። እንዲህ እያልን በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 21 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ አካባቢ የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ 161 አገሮች ሲደግፉና አንድም ሳይቃወም፣ ድምፅ ተአቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ወረቀቱ ቤታችን ውስጥ እያለ ለምን ተአቅቦ? መልሱን የሚያውቅ ይንገረኝ።

አሁን ወደሚቃወሙኝ ልምጣ፤ የምታከብሩኝ ሰዎች ስላላችሁበት በቀልድ አላልፈውም።

አንዱ «አማካሪ ማለት ምንም ማለት ነው፤ ፎቶ ይነሱና ይሸኙሃል» አለኝ። እውነት አለው። አማካሪ አይወስንም፣ በጀት የለውም፣ ምክሩን የሚጥለውን ባለሥልጣን መክሰስ አይችልም። ግን አንድ ነገር አለው፤ ረቂቁን ከመጽደቁ በፊት ያያል። እኛ ሁልጊዜ የምንሰማው ፖሊሱ በር ላይ ሲቆም ነው። «መንገድ ዳር ከሰል ማንደድ ይከለከላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና ወረቀት ላይ እያለ አንድ ሰው «በምን ይተካ? ጋዙን ማን ያቀርባል? ከመከልከሉ በፊት ስንት ወር ይሰጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ጥያቄ ደግሞ ነገ ጋዜጠኛም ጠበቃም ሊያነሳው ይችላል። ለኔ ወንበሩ የሚያወጣው ዋጋ ይኼው ነው።

ሌላው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ያረጀ ወንድማችን፣ «ስደተኛ ፖለቲካ አይነካም፤ ሕጉም ይከለክለናል፣ ታስበላናለህ» አለኝ። ጋሼ፣ ፍርሃትዎን አልንቀውም፤ እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም። ስለዚህም ነው ወንበሩ በይፋ ይሰጠን የምለው። በደብዳቤ፣ የስደተኞች ኮሚሽኑ አውቆት፣ ወኪሉም ከተናገረ በኋላ እንዳይነካ ተጽፎ። ይህ ካልሆነ እኔም አልቀመጥም፣ ማንም እንዲቀመጥ አልመክርም። ደግሞም ወኪሉ እኔ መሆን የለብኝም። አረብኛ የሚያቀላጥፍ መምህር ጥሩ አስተርጓሚ ይሆናል፤ ወንበሩ ግን ከሰል አጠገብ ለምትውለው ይገባል። እኔ ከጎኗ ቆሜ ልተርጉምላት።

«ስደተኛ ተናግሮ ምን ለውጦ ያውቃል» ለሚለውም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ፣ ሌዊሻም የሚባል ሰፈር፣ ኤላ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቧ የጋና ዝርያ አላቸው። መኪና በማይነጥፍበት አውራ ጎዳና አጠገብ ይኖሩ ነበር። አስም ይዟት 30 ጊዜ ያህል ሆስፒታል ገብታ በ2013 በ9 ዓመቷ ሞተች። እናቷ ሮዛመንድ አዱ-ኪሲ-ዴብራ፣ መምህርት ነበሩ፣ «ልጄን የገደላት ምንድን ነው?» ማለትን አላቆሙም። በሰፈሩ የተለካውን የአየር መረጃ ከልጅቷ የሆስፒታል ቀናት ጋር የሚያስተያይ ባለሙያ አገኙ፤ የመጀመሪያውን የአስከሬን ምርመራ ውሳኔ በፍርድ ቤት አሻሩ፤ በ2020 ታኅሣሥ ወር መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። የአየር ብክለት ለሞት ምክንያት ተብሎ በእንግሊዝ በይፋ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። 7 ዓመት ፈጅቷል። እናቲቱ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ቀናቱ ግን ተጽፈው ነበር።

ስለ መተኪያውም ሱዳን ውስጥ የተሞከረ አለ። ዳርፉር፣ ኤል ፋሸር ላይ ፕራክቲካል አክሽን የሚባለው ድርጅት ከአካባቢው የሴቶች ማኅበራት ጋር ሆኖ ለቤተሰቦች የጋዝ ምድጃ በብድር ሰጥቷል፤ ብድሩም በየማኅበሮቹ በኩል በትንሽ በትንሹ ይመለስ ነበር። መጀመሪያ ምድጃው፣ ቀጥሎ ብድሩ፤ ዱላ የለበትም። ካርቱም ላይ ሻይ ለሚሸጡት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ጋዙ እንዳይቆራረጥ ማድረግ ይጠይቃል፣ እሱን ደግሞ መንግሥት እንጂ ሻይ ሻጭ አትችለውም።

ስለዚህ ወንበሩ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። እኔ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በክፍሌ ደብተር ከፍቻለሁ። ተማሪ በሳል ወይም በደረት ሕመም ሲቀር ቀኑን፣ ቤቱ በምን እንደሚያበስልና ያን ቀን መብራት መኖር አለመኖሩን እጽፋለሁ፤ ስም አልጽፍም። ሌሎች መምህራንም በየትምህርት ቤታችሁ እንዲሁ ብታደርጉ ሠንጠረዡን እልክላችኋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሻይና እንጀራ የምትሸጡ እህቶች፣ በቀን ስንት ሰዓት እሳት አጠገብ እንደምትውሉ፣ ለከሰል በሳምንት ምን ያህል እንደምታወጡና ጋዝ ብታገኙ ትቀይሩ እንደሆነ በድምፅም ቢሆን ላኩልኝ። የምትሠሩበትን ቦታ ኮሜንት ላይ አትጻፉ፤ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።