የሦስት አገሮች ወሰን መገናኛና የጎንደር ድርሻ

የተከዜ ወንዝ ከላስታ ደጋ ተነስቶ የሰሜን ተራሮችን በስተምሥራቅና በስተሰሜን ከዞረ በኋላ ወደ ምዕራቡ ቆላ ይወርዳል። ሰቲት የሚለውን ስያሜ ይዞ የሁመራን ከተማ አልፎ ጥቂት እንደተጓዘም ኾር ሮያን ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሱዳን ወሰኖች በአንድ ነጥብ የሚገናኙት በዚሁ ሥፍራ ነው። በኤርትራ በኩል ኡምሃጀር፣ በሱዳን በኩል ሐምዳይት፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ሁመራ የየአገራቸው የቅርብ ከተሞች ናቸው።

ሥፍራው ከጎንደር ከተማ በከፍታም በአየር ንብረትም የራቀ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ፣ ሁመራ ግን በ600 ሜትር ገደማ ላይ የተመሠረተች የሞቃት ቆላ ከተማ ናት። ይሁንና በዚያ ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሁኔታ ውሎ አድሮ በጎንደር ገበያ፣ በጎንደር ሆስፒታልና በሰሜን ጎንደር ደጋ አርሶ አደሮች ጓዳ ውስጥ መታየቱ አይቀርም። በመሆኑም ጉዳዩን የካርታ ባለሙያዎች ብቻ ሥራ አድርጎ መመልከት አይገባም።

ስድስት ጎረቤቶች፣ ስድስት መገናኛዎች

ኢትዮጵያ ዛሬ በስድስት አገሮች የምትዋሰን ወደብ አልባ አገር ናት። ዙሪያዋ በሙሉ የየብስ ወሰን በመሆኑ የጎረቤቶቿና የሦስትዮሽ መገናኛዎቿ ቁጥር እኩል ነው። ይህ ቁጥር የአካባቢውን የፖለቲካ ታሪክ ያንጸባርቃል። ኤርትራ ነጻ አገር ከመሆኗ በፊት ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለነበራት ሦስት መገናኛዎች ብቻ ነበሯት፤ እነርሱም ከጅቡቲና ከሶማሊያ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ፣ እንዲሁም ከኬንያና ከሱዳን ጋር የሚያገናኟት ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ነጻነት ሲታወጅ የሰቲትና የሙሳ አሊ ተራራ መገናኛዎች ተጨመሩ። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትመሠረት ደግሞ ስድስተኛው ተፈጠረ።

ከስድስቱ መካከል ለጎንደር የሚቀርበው የሰቲቱ መገናኛ ነው። አካባቢው እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር የቆየ፣ ቀጥሎም በትግራይ ክልል ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአስተዳደር ጥያቄው አገራዊ መነጋገሪያ ሆኗል። ጥያቄው የሚፈታበት መንገድ ከዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጭ ነው። ሆኖም የአስተዳደር ጥያቄው እልባት እስኪያገኝ ድረስ የወሰን ሥፍራው ሥራ ቆሞ እንደማይጠብቅ ሊታወቅ ይገባል።

ወሰኑ እንዴት ተበየነ?

የዚህ መገናኛ ሕጋዊ መሠረት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት በዚህ ሰነድ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ሲወሰን፣ ጣሊያን በተጨመረችበት አባሪ ደግሞ የኤርትራ ወሰን ከሰቲት ተነስቶ ወደ መረብ እንዲሄድ ተደርጓል። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዙ መኮንን ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካዮች በሌሉበት በሱዳን በኩል ያለውን ወሰን በመሬት ላይ ምልክት አደረገበት። ለቆየው ውዝግብ አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በተለዋወጡት ማስታወሻ የግዊንን መሥመር ለወሰን ማካለል መሠረት አድርገው ተቀበሉ። ከዳግሊሽ ተራራ በስተሰሜን እስከ ሰቲት ያለው፣ የሁለቱ አገሮች ገበሬዎች የሚያርሱበት መሬት ግን በልዩ ኮሚቴ ተጠንቶ በስምምነት እልባት እንዲያገኝ ተወሰነ። ከኤርትራ ጋር ያለውን ወሰን በሚመለከት ደግሞ በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የወሰን ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ የምዕራቡን መሥመር ከሦስቱ አገሮች መገናኛ አስጀምሮ በሰቲት ወንዝ ላይ ወደ ምሥራቅ ወስዶታል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ቁም ነገር መታየት አለበት። የወሰን ኮሚሽኑ ውሳኔ የሚያስረው ተከራካሪዎቹን ኢትዮጵያንና ኤርትራን እንጂ ሱዳንን አይደለም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1979 ዓ.ም. የቡርኪና ፋሶንና የማሊን ክርክር ሲወስን፣ የወሰናቸው መጨረሻ ከኒጀር ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ የሚበይን ፍርድ አለመሆኑን ለይቶ አስቀምጧል። ሁለት አገሮች ተስማምተው ሦስተኛዋን ማሰር አይችሉም። በተግባርም ቢሆን የሦስት ወገን ጉዳይ የሦስቱንም ወገን መገኘት ይጠይቃል።

አንድ በር ሲዘጋ

ያለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ተሞክሮ ይህንኑ ያሳያል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቀሰቀስ የሁመራና የኡምሃጀር መተላለፊያ ተዘጋ፤ የንግዱም ክብደት ወደ ሱዳን በሮች፣ በተለይም ወደ መተማ ዞረ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአስመራው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ከተፈረመ በኋላ የተከዜ ድልድይ በ2011 ዓ.ም. ተከፍቶ የሁለቱ አገሮች ሕዝብ ቢገናኝም፣ መተላለፊያው በወራት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ተዘግቷል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ሲጀመር ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ አብዛኞቹም የተሻገሩት በሐምዳይት በኩል ነበር። በዚያው ሰሞን የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለዓመታት ሲያርሱት ወደ ቆዩት የአልፋሽቃ መሬት ገባ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በራሷ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ ምዕራብ ጎንደር ገቡ።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ከሦስቱ በሮች አንዱ ሲዘጋ በእርሱ ያልፍ የነበረው ሰውና ሸቀጥ ሌላ በር ይፈልጋል። በጎንደርና በሁመራ፣ በጎንደርና በመተማ መካከል ያሉት መንገዶች ደግሞ ሁለቱም የሚነሱት ከጎንደር በመሆኑ ጫናው በዚያች ከተማ ላይ ያርፋል።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው በየዓመቱ ከደጋው ወደ ሰሊጥ እርሻዎች የሚወርደው ወጣት ነው። የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በስሙ የሚታወቅ ምርት ሲሆን፣ ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ከአገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ንግድ ሰብሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሀብት በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ በሚወርዱ የወቅት ሠራተኞች ጉልበት ላይ የቆመ ነው። መሬቱ የጠበበበት የሰሜን ጎንደር ደገኛ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጆች ልብስና ለትምህርት መሣሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ከዚያ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ሠራተኛው ከደመወዙ ጋር በሽታም ይዞ ሊመለስ ይችላል። የወባን በሽታ የመቋቋም ልምድ የሌለው የደጋ ሰው በወባ በቀላሉ ይጠቃል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ደግሞ ምልክቱ የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ በቆላ የተያዘው ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ወደ ቀየው ከተመለሰ በኋላ ነው። ካልታከመ ለሞት የሚያበቃ በሽታ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል መኖሩ ለአካባቢው ትልቅ አቅም ነው። ነገር ግን በደባርቅ ወይም በዳባት ያለ የጤና ባለሙያ ትኩሳቱ የረዘመበትንና ጣፊያው ያበጠበትን ታማሚ ወዴት ወርዶ እንደነበረ ካልጠየቀው ወደ ማዕከሉ በወቅቱ ሊደርስ አይችልም።

በሽታው፣ ሠራተኛውና ሰሊጡ በሦስቱም አገሮች ቆላ የጋራ ናቸው። በቃፍታ ሽራሮ ፓርክና በኤርትራ ጋሽ ሰቲት መካከል የሚመላለሱት ዝሆኖችም ወሰን አይጠይቁም። ወሰን የሚጠይቁት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የአፍሪካ አገሮች በሐምሌ ወር 1956 ዓ.ም. በካይሮ ባደረጉት ጉባዔ ነጻ ሲወጡ የወረሷቸውን ወሰኖች ለማክበር ቃል ገብተዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በ1999 ዓ.ም. የድንበር ፕሮግራሙን ሲጀምር ወሰንን ከማካለል ጎን ለጎን የድንበር አካባቢ ትብብርን ዓላማው አድርጓል። በተግባርም ምሳሌዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞያሌ የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የኢትዮጵያና የኬንያ ባለሙያዎች በአንድ ግቢ እንዲያገለግሉ አስችሏል። በዚያው ዓመት የተመረቀው የካዙንጉላ ድልድይ ቦትስዋናንና ዛምቢያን በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ሲያገናኝ፣ የዚምባብዌን ወሰን ላለመንካት ጎብጦ ነው የተሠራው። በመገናኛ ሥፍራ ላይ በሥራው ያልተሳተፈ ጎረቤት እንኳ የድልድዩን ቅርጽ እንደሚወስን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሰቲት መገናኛ ላይ መሰል ተቋም ለማቋቋም የሦስቱ መንግሥታት ሰላምና ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ በዞንና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። በእጃቸው ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ወደ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞችን ከመነሻ ቀበሌያቸው መመዝገብ፣ ከመውረዳቸው በፊት ስለ ወባና ስለ ካላዛር ማስገንዘብ፣ ሲመለሱም መከታተል ይቻላል። ከድንበር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎችን ለመቀበል የትራንስፖርት፣ የጤናና የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች የየድርሻቸውን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። በቆላና በደጋ ወረዳዎች የሚያዙ መረጃዎችም እርስ በርስ ሊናበቡ ይገባል።

የሦስቱ አገሮች ወኪሎች አንድ ቀን በሰቲት ዳር ሲገናኙ ሰላማዊው መንገድ የሚቃናው እያንዳንዱ ወገን ስለ ራሱ ሰዎች የተሟላ መረጃ ይዞ ሲቀርብ ነው። የኢትዮጵያ ወኪሎች ይዘው የሚቀርቡት መዝገብ ከወዲሁ መጻፍ ያለበት በደጋው ቀበሌዎችና ወረዳዎች ነው።