ያልተነካ ግልግል ያውቃል

በጋርላንድም ሆነ በፕሌኖ፣ በአርሊንግተንም ሆነ በፎርት ወርዝ፣ «ልጄን የት ላስገባው?» ብሎ ስለ ማርሻል አርት የሚጠይቅ ወላጅ ቡና ላይ የሚያገኘው መልስ እየተመሳሰለ መጥቷል። «አይኪዶ አስገባው፤ ጨዋ ነው፤ መማታት አያስተምርም፤ ግን ማንም አይነካውም» ይባላል። ጨዋ መሆኑ እውነት ነው። መማታት አለማስተማሩም እውነት ነው። ማንም አይነካውም የሚለው ግን እውነት አይደለም፤ እኔም የምከራከረው ከዚሁ ጋር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አይኪዶን የመሠረቱት ሞሪሄ ኡዬሺባ (1883–1969) ተራ ሰው አልነበሩም። ከአይኪዶ በፊት ዳይቶ ሪዩ የሚባለውን የቆየ ጂዩ ጂትሱ ከሶካኩ ታኬዳ ተምረዋል። ስማቸውን ያስጠሩላቸው የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርትም እንዲሁ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ኬንጂ ቶሚኪ የጁዶ ሰው ነበር፤ ጎዞ ሺዮዳም ጁዶ ተምሮ ነው የመጣው። እነዚህ ሰዎች መጣልንና መውደቅን፣ ተናንቆ መታገልን፣ ሰው ሲጎትታቸው አለመደንገጥን በሌላ ቤት ተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው አይኪዶን በላዩ የደረቡት። ዛሬ በሾፒንግ ሴንተሩ ውስጥ ለሚማረው ልጅ ግን የሚሰጠው መደረቢያው ብቻ ነው። ከሥር ልብስ የለም።

አይኪዶ ሲሠለጥን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ይቆማሉ። አንደኛው የሌላውን የእጅ አንጓ ይይዛል፣ ወይም እጁን እንደ ሰይፍ አንሥቶ ወደ ግንባሩ ይሰነዝራል። ሌላው ዞር ብሎ እጁን ጠምዝዞ ይጥለዋል። ወዳቂው «ኡኬ» ይባላል፤ ሥራውም በደንብ ማጥቃትና በደንብ መውደቅ ነው። አልወድቅም ብሎ ቢታገል፣ ወይም የመጀመሪያው ምት ሲስት ሁለተኛና ሦስተኛ ቢያስከትል፣ በብዙ ዶጆ ዘንድ ነውር ነው። ሰው እንዲህ አድርጎ ዐሥር ዓመት ቢለማመድ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ የለመደው ሊወድቅለት የተስማማን ሰው መጣል ነው።

የአንጓው ነገር ራሱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ባላጋራህ ሰይፍ በታጠቀበት ዘመን እጁን መያዝ ማለት ሰይፉን እንዳይመዝ ማድረግ ነው። በዛሬ ጠብ ግን አንጓ ይዞ የሚቆም ሰው የለም። ይገፋል፣ በቡጢ ይማታል፣ አንገት ያንቃል፣ ተያይዞ መሬት ላይ ይወድቃል።

አገር ቤት ከብት ጠብቆ ያደገ ወይም በጥምቀት ሜዳ ላይ ትግል የገጠመ ሰው ይህን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። እዚያ ማንም ለማንም አይወድቅም። ከወደቅህ የወደቅከው ተጥለህ ነው፤ ሰፈሩም ያየዋል። ቀጭኑ ልጅ ወፍራሙን እንዴት እንደሚጥለው የሚያውቀው ወፍራሙ ሃያ ጊዜ ስለጣለው ነው።

የጁዶው መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1882 የሠሩት ትልቅ ሥራም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ከጥንቱ ጂዩ ጂትሱ ውስጥ አካል የሚጎዳውን ከነፃው ፍልሚያ አወጡና፣ የቀረውን ተማሪዎቹ በሙሉ ጉልበታቸው፣ እምቢ እያሉ እንዲለማመዱት አደረጉ። ዝም ብሎ ሲታይ ጥበቡን ያለሰለሱት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ሆነ። በየቀኑ በሙሉ ኃይል የሚሠራ ለስላሳ ጥበብ፣ በዝግታና በመስማማት ብቻ ከሚሠራ አደገኛ ጥበብ ይበልጣል። ቶሚኪ ይህን ስለሚያውቅ ነው በአይኪዶ ውስጥ ነፃ ፍልሚያና ውድድር ለማስገባት የታገለው። የኡዬሺባ ቤት ግን ውድድርን አልተቀበለም። ቶሚኪም የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ።

የካኖ ተማሪ የነበረው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ። ከእርሱ የተማሩት የግሬሲ ቤተሰቦች ጥበቡን መሬት ላይ ወደሚደረግ ትግል ወሰዱት። ኖቬምበር 12 ቀን 1993 በዴንቨር በተደረገው የመጀመሪያው ዩ ኤፍ ሲ፣ የክብደት ምድብ ሳይኖር፣ ሮይስ ግሬሲ የሚባለው ቀጭን ሰው በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸነፈ። «መንገድ ላይ ሕግ የለም፤ በሪንግ ውስጥ ግን አለ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይደክማል። ያን ምሽት የተከለከለው መናከስና ዓይን መጓጎል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የተለያዩ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ይዘው መጥተዋል፤ ጸንቶ የተገኘው ቦክስ፣ የታይላንዱ ሙዋይ ታይ፣ ትግል፣ ጁዶና የብራዚሉ ጂዩ ጂትሱ ነው። የአንጓ ጥምዘዛ ዋና መሣሪያው ሆኖት የነገሠ ተፋላሚ አላየንም። ቻይና ውስጥም በ2017 ሹ ሺያዎዶንግ የሚባል ተፋላሚ አንድን የታይ ቺ መምህር በጥቂት ሴኮንዶች ሲዘርረው ዓለም በቪዲዮ አይቷል።

«የቶኪዮ ፖሊስስ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የቶኪዮ አድማ በታኝ ፖሊስ ሰዎቹን ወደ ዮሺንካን አይኪዶ እየላከ አሠልጥኗል። ግን የጃፓን ፖሊስ ጁዶ ወይም ኬንዶ መማሩም መነገር አለበት። ከዚያም በላይ ፖሊስ ጓደኛ አለው፣ ካቴና አለው፣ ሽጉጥ አለው፣ ከኋላው መንግሥት አለ። በሌሊት ብቻውን ካሽ ሬጅስተር ላይ የቆመ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የአይኪዶ ዝና ወደኛ የመጣው በጃፓን ፖሊስም አይደለም። በስቲቨን ሲጋል ነው። ሰውየው ኦሳካ ውስጥ በእርግጥ አይኪዶ አስተምሯል፤ በ1988 የመጀመሪያ ፊልሙን ከሠራ በኋላ የአዲስ አበባን ቪዲዮ ቤቶች ሞላ። በፊልም ውስጥ ግን የሚወድቀው ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለው ኡኬ ነው።

እዚሁ ከደጃችን ደግሞ የተሻለ ምስክር አለ። «ዎከር ቴክሳስ ሬንጀር» ከ1993 እስከ 2001 ሲታይ የተቀረፀው በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ነው። ልጆቻችን ቸክ ኖሪስ በዞሮ እርግጫ ሽፍታ ሲዘርር አይተው ካራቴ ካልተማርን ብለውናል። ኖሪስ ግን በካራቴ ውድድር ስንት ዋንጫ ከወሰደ በኋላ፣ በጉልምስናው ወርዶ መሬት ላይ መታገልን ከማቻዶ ወንድማማቾች ተማረ። ካርሎስ ማቻዶም በ1990ዎቹ ወደ ዳላስ መጥቶ ጂዩ ጂትሱ ያስተምር ጀመር። በቴሌቪዥን የሚራገጠው ሰው በጓዳ ምን ይማር እንደነበር ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ። ከመካከላችን በጋዝ ስቴሽን፣ በፓርኪንግ፣ በታክሲ፣ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ብዙ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ሽጉጥና ቢላዋ ማስጣል እናስተምራለን» ብሎ በወር ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ይህን የምለው በአይኪዶ ላይ ብቻ አይደለም፤ በጂዩ ጂትሱም በክራቭ ማጋም ስም ቢሆን ያው ነው። በላስቲክ ሽጉጥ፣ ጓደኛህ ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ እስክትጠመዝዘው ሲጠብቅህ የተማርከውን፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ባለቀው ሽጉጥ የሚያስፈራራህ ወጣት ላይ ልሞክር ማለት ሕይወትን መሸጥ ነው። ሬጅስተሩን ከፍቶ መስጠት ነው። ገንዘቡ የባለሱቁ ነው፣ ነፍሱ ያንተ ናት። ከመሞት መሰንበት።

ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ እንዲይዝ ፈቅዳለች። ስለዚህ በፓርኪንግ ሎት «መኪናህን አንሣ፣ አላነሣም» በሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ እንኳ ከፊት ያለው ሰው ምን እንደታጠቀ አይታወቅም። ቢሸነፍም ባይሸነፍም ደግሞ ሕጉ አለ። በቴክሳስ ወንጀለኛ ሕግ መሠረት ስድብ ብቻውን ለመማታት ምክንያት አይሆንም። ዜግነት ያላገኘ ሰው ኃይል በተቀላቀለበት ወንጀል አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ በ1996 በጠበቀው የኢሚግሬሽን ሕግ ግሪን ካርዱን ይዞ ከአገር ሊባረር ይችላል። የተሰደበ ሰው ዝም ብሎ መኪናው ውስጥ ሲገባ ፈሪ የሚሉት ይህን የማያውቁ ናቸው።

የአይኪዶ ወዳጆች እዚህ ላይ «እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሰላም ነው የምናስተምረው» ይሉኛል። አባቶቻችን ያልተነካ ግልግል ያውቃል ያሉት ለዚህ ነው። ቡጢ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስለ ስምምነት መናገሩ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዋ ጥፊ ስታርፍበት ግን ወይ ይደነዝዛል ወይ ያብዳል። በየሳምንቱ የሚጣልና የሚጥል ሰው ግን ጠብ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ ጥሎ መሄድ አይከብደውም።

አይኪዶ ግን ከንቱ ነው አልልም። አወዳደቅ ያስተምራል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶው ዳላስን እንደ መስተዋት ሲያደርጋት፣ ከጠምዛዡ ይልቅ መውደቅ የሚያውቀው ሰው ተጠቅሟል። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎችም ቢሆን፣ መምህሩ ጠንቃቃ ከሆነና ሐኪም ከፈቀደ፣ እመክረዋለሁ። ጉልበትን ያፍታታል፣ ሰው ያገናኛል። ለዚህ ብሎ የሚከፍል ይክፈል።

ልጁ ራሱን እንዲከላከል የሚፈልግ ወላጅ ግን ከቤቱ ደጅ ያለውን አልፎ ነው የሚሄደው። የቴክሳስ የመንግሥት ሃይስኩሎች ከ1998–99 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ትግልን በውድድር ስፖርትነት ይዘውታል፤ ለሴቶችም የራሳቸው ውድድር አላቸው። በየወሩ የሚከፈል የለም፤ ጫማና ትንንሽ ወጪ ነው። ሁሉም በክብደቱ ስለሚመደብ ቀጭኑ ልጃችን የሚገጥመው ከቀጭን ጋር ነው። በ2017፣ በ2018ና በ2019 የአገሪቱ የኮሌጅ ትግል ሻምፒዮን የሆነው ቦ ኒካል ከዚሁ ከአለን ሃይስኩል የወጣ ነው። የኛ ልጆች ግን ሩጫና እግር ኳስ ላይ ብቻ ነው የሚታዩት፤ ትግሉን ከአገር ቤት ይዘን እንዳልመጣን ሁሉ።

ችግር የለውም አልልም። ውድድሩ በአብዛኛው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለብዙዎቻችን የሥራ፣ ለልጆቹ የአማርኛ ትምህርት ቀን ነው። ወቅቱም ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ስለሆነ የነቢያት ጾም መሐሉ ላይ ይገባል፤ የሚጾም ልጅ ምን በልቶ ክብደቱን እንደሚጠብቅ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የሐኪም ምርመራ ቅጹ ሳይፈረም ልጁ ልምምድ ላይ አይቆምምና፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት በኦገስት ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ መውሰድ ይበጃል።