ስለ ቀብድና ስለ ቃል

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይባላል። ይሁን እንጂ ቃሉ ምን ያህል እንደሚያስረው ሳይመረምር ቀብድ የሚሰጥና የሚቀበል ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

ለምሳሌ አንድ ላኪ በዱቦ አካባቢ ገና ከመሬት ላልወጣ ዝንጅብል 10,000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። ዋጋው ወጥቶ ሻጩ ለሌላ ቢሸጥ፣ የተቀበለውን ብቻ መመለስ አይበቃውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚያዝዘው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ዕጥፉን፣ ማለት 20,000 ብር ይከፍላል። ዋጋው ወድቆ ላኪው ውሉን ቢተው ደግሞ ቀብዱን ያጣል።

ከዚህ የሚከብደው የበሽታ ነገር ነው። በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታ በወላይታ የዝንጅብል ማሳ ላይ በወረደ ጊዜ ገበሬው «ያላሰብሁት ደረሰብኝ» ለማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ሕጉ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚለው፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻለውንና ውሉን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ዛሬ በሽታው የታወቀ ስለ ሆነ ይህ መከራከሪያ የቀድሞውን ያህል ጽኑ አይሆንም።

ስለዚህ በሽታ ቢደርስ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም፣ ቀብዱም ምን እንደሚሆን በውሉ ይጻፍ፤ ለገበሬውም በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። ይህን መጻፍ በይበልጥ የሚገባው ሕጉን የሚያውቀው ነጋዴ ነው። የገበሬውን አለማወቅ እንደ ትርፍ የሚቆጥር ሰው የዘንድሮውን ቢያተርፍ የከርሞውን ሻጭ ያጣል።