ጊሌን በቅርጹ ብቻ መሰየም ይብቃ

ጊሌ ጠማማ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለና ወገብ ላይ ከፊት ለፊት አግድም የሚታጠቁት ጩቤ ነው። አፋሮች በእጅጉ የሚታወቁበት ቢሆንም፣ በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ የሚኖሩ ከረዩ ኦሮሞዎችም ተመሳሳዩን ይታጠቃሉ። ያም ሆኖ ቅርጹን ብቻ አይቶ «የአፋር» ብሎ መመዝገብ የተለመደ ነው። እንግሊዞች የአፍጋን ድንበር ጎሳዎችን ረጅም ቢላዋ በኻይበር መተላለፊያ ስም እንደጠሩት ሁሉ፣ ይህም የባለቤቶቹን ቃል በተመልካች ስያሜ መተካት ነው።

በእኔ እምነት አንድን ጩቤ ስንመዘግብ ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ማንሣት ይገባናል፤ ብረቱን ማን ቀጠቀጠው? እጀታውንና አፎቱን ማን ሠራው? ማንስ ታጠቀው? መልሶቹ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ጎራዴ ጥሩ ምስክር ነው። በዞሊንገን ወይም በለንደኑ ዊልኪንሰን ተሠርቶ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸበት ስለት፣ እዚህ እጀታና አፎት ተበጅቶለት የመኳንንት ትጥቅ ሆኗል። ስለቱን ብቻ ያየ አውሮፓዊ፣ አፎቱን ብቻ ያየ ኢትዮጵያዊ ይለዋል፤ ሁለቱም ግማሹን ብቻ ተናግረዋል።

የጊሌ ችግር ከዚህ ይለያል። አንጥረኛው ስሙን በብረቱ ላይ አይጽፍም፤ የሚቀጠቅጠውም ብዙ ጊዜ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ዝገትም የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ በጥቂት ወራት ሊፈጠር ይችላልና። ስለቱን ሳይጎዳ በኤክስሬይ የሚደረግ የንጥረ ነገር ምርመራ ክሮሚየም ካሳየ፣ ብረቱ የዘመናዊ ፋብሪካ ውጤት ለመሆኑ ጠንካራ ፍንጭ ነው። ክሮሚየም አለመገኘቱ ግን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ዕድሜን ሊገድብ ይችላል፤ የታጣቂውን ማንነት ግን አይነግረንም።

ይህን የሚነግሩን ሰሪውና ታጣቂው ናቸው። ብረት ቀጥቃጮች በብዙ የአገራችን ማኅበረሰቦች ለረጅም ዘመን ሲናቁ በመኖራቸው፣ ዕውቀታቸው በጽሑፍ የሰፈረው በጥቂቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ በተሳሳተ ስም የተመዘገበ ቅርስ ግን ዕቃው ቢጠበቅም ታሪኩ አልተጠበቀም።

አዳማ ለዚህ ሥራ ምቹ ናት። በከተማዋ የቁሳቁስ ሳይንስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መተሐራም በዚያው በጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። የምሕንድስናና የታሪክ ተመራቂዎች አንድን ጊሌ በጋራ ቢያጠኑ፣ የብረቱ ውጤትና የሽማግሌው ቃል በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ጩቤው ተሽጦ ከሄደ በኋላ ብረቱን ሌላ አገር መመርመር ይቻል ይሆናል፤ የታጠቀውን ሰው ግን መጠየቅ አይቻልም።